የጉም ሜዳ ልዋጭ

ጉም ሜዳ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «ደርቀሽ አደርሽ?» ይባባላል። «ተመስገን፣ ካልሲዬ ብቻ ነው የቀረው» ማለት የጨዋ መልስ ነው። ጤዛ ከድሬዳዋ በመጣች ሰሞን ይህን ስትሰማ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ጠያቂው ግን አልሳቀም። አሁን ስድስት ዓመት ኖራለችና ሳትስቅ ትጠይቃለች፣ ሳትስቅ ትመልሳለች።

ከተማዋ ትልቅ አይደለችም፤ ትንሽም አትባልም። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሁለት ሆስፒታል አላት፣ ኳስ ተጫውተውበት የማያውቁት፣ ዳክዬ የሰፈረበት ስታዲየም አላት። ዙሪያዋን የቀርከሃ ደን ከቧታል። የቀረው አገር ሰማይ ሰማይ ሲያይ በሚውልበት በዚህ ዘመን ደመናው ጉም ሜዳ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሏል። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፤ ቧንቧው ሲዘጋ ደግሞ ከጣሪያ ይወርዳል። ድንች አፈር ከነካ በኋላ የሰው እጅ አይፈልግም። አቧራ የለም፤ ልጆች ቃሉን ከመጽሐፍ ነው የሚማሩት፣ ብዙዎቹም የእህል ዓይነት ይመስላቸዋል።

በሌላ በኩል ጫማ አይደርቅም። ጨው ማሰሮው ውስጥ ይሟሟል፣ መጽሐፍ ያብጣል፣ በር ከክረምት እስከ ክረምት አልዘጋም ይላል። ግድግዳ አረንጓዴ ጺም ያበቅላል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሻጋታ ቀን ነው፤ ከከንቲባው እስከ ተማሪው ሁሉም መፋቂያ ይዞ ቤቱን ይፍቃል። ዝናቡ ሲጠና ቆርቆሮው ስለሚያደነቁር ሰው በእጁ ማውራት ለምዷል፤ አስተማሪ በአፉ የጀመረውን በጣቱ ይጨርሰዋል። ዝናቡ ረገብ የሚልበት ደረቅ ሰዓት የሚባል ነገር አለ፤ ለየሰፈሩ በተራ ይታወጃል፣ ሠርጉም ቀብሩም ፀጉር መቆረጡም እዚያችው ሰዓት ውስጥ ይታጨቃል። ጤዛ አንዴ የሙሽራ አጃቢዎችና ለቀስተኞች መስቀለኛ መንገድ ላይ ተገናኝተው፣ ሰዓቱ እንዳያልፍባቸው ሁለቱም እየሮጡ ሲተላለፉ አይታለች። አንዱ ሚዜ እየሮጠ ባርኔጣውን አውልቆ ለሟች ሰላምታ ሰጠ።

ጤዛ የሰፈሩ ማድረቂያ ቤት ኃላፊ ናት። ሰው ጠዋት እርጥብ ልብሱን ይሰጣታል፣ ማታ ሙቅ ሙቁን ይወስዳል። የሚያደርቀው ልብስ የሌለው ደግሞ ራሱን ሊያደርቅ ይመጣና አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። ስሟ የዘመኗ ስም ነው። ድርቁ በጠናበት ጊዜ የተወለዱ የድሬ ልጆች ሁሉ የውሃ ስም ነበራቸው፤ እሷ የተማረችበት ክፍል ውስጥ ብቻ ሁለት ካፊያ፣ አንድ ምንጭና አንድ ጅረት ነበሩ።

ከማድረቂያ ቤቱ ቀጥሎ የወይዘሮ ሶልያና ቤት ነው። ዛሬ ልጁን ሶልያና የሚል የለም፤ የባልቴት ስም ሆኗል። ወይዘሮ ሶልያና በወጣትነታቸው ፈረስ ጋላቢ ነበሩ፣ በዚያች ጭቃ መሬት ላይ ወንዶቹን ጥለው የሚያልፉ። አሁን ጉልበታቸው በእርጥበት ተይዞ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ከሻጋታው ደግሞ ሳል አለባቸው። ገበያ ላይ ባሳሉ ቁጥር የማያውቁት ሰው ከሩቅ ከተማ ሾርባ ይልክላቸዋል።

ሾርባው ምክንያት አለው። ጉም ሜዳ ሞልታለች። የመግቢያው በር ላይ የነዋሪው ቁጥር የሚታይበት ሰሌዳ አለ፤ ከዚያ በላይ ከተማዋ ያለችበት ኮረብታ አይችልም ተብሏል። አንድ ሰው ሲሞት ወይም ሲለቅ አንድ ሰው ይገባል። መውለድ የሚፈልጉ ባልና ሚስትም ተራ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የጉም ሜዳ አዛውንት ጤና አገር ሁሉ የሚከታተለው ጉዳይ ነው፣ ቦታቸውን የሚመኝም በሾርባ ይወዳጃቸዋል፤ ወይዘሮ ሶልያና የሚመጣላቸውን ሾርባ እያመሰገኑ ለዳክዬዎቹ ይሰጡታል።

አንድ ቀን ማድረቂያ ቤት ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሞቁ፣

«ድሬ ላይ ልብስ ለመድረቅ ምን ያህል ይቆያል?» ብለው ጠየቁ።

«አስጥተው ሳይጨርሱ የመጀመሪያው ይደርቃል» አለች ጤዛ።

«አትዋሺኝ።»

«እውነቴን ነው እማማ። ከረሱት ደግሞ እንደ ቂጣ ይሰበራል።»

ወይዘሮ ሶልያና ጉልበታቸውን አሹ። «አባትሽ እዚያ ብቻቸውን ነው ያሉት?»

«ብቻውን ነው። አንድ ክፍልና ሰፊ በረንዳ አለው።»

«በረንዳው ደረቅ ነው?»

«እማማ፣ እዚያ ሁሉ ነገር ደረቅ ነው።»

«እንግዲያው እኔና እሳቸው ለምን አንለዋወጥም?»

ጤዛ የያዘችውን ሱሪ ማጠፍ ተወች። ዓመት ሙሉ ያብሰለሰለችው ሐሳብ ነበር፤ ሾርባ ከሚልኩት ሰዎች ጋር እንዳይደምሯት ፈርታ ነው አፏን የያዘችው። አባቷ ናሆም ልቡ ደክሟል። ድሬ ላይ ቀኑ ስለሚያቃጥል ሰው ቀን ተኝቶ ሲመሽ ነው የሚነሳው፤ እንዲያም ሆኖ ሐኪሙ እንዲህ ያለ ሙቀት አንድ ወቅት እንኳ ቢደገም ልቡ አይችለውም ብሏታል።

መለዋወጥን ደንቡ ይፈቅዳል፤ ሰዉ ልዋጭ ይለዋል። ድሮ ልዋጮች በየሰፈሩ እየዞሩ አሮጌ ጫማ በሳፋ ይለውጡ ነበር አሉ። አሁን የሚለወጠው ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች አንዱ በሌላው ቤት አንድ ወር ለሙከራ ይቀመጣሉ፤ ወሩ ሲያልቅ ይጠየቃሉ። ሁለቱም እሺ ካሉ ለዘለዓለም ነው። አንዱ እምቢ ካለ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፣ ዳግመኛም አይጠይቁም።

ናሆም መጀመሪያ አልሰማም አለ። «አቦ ተዪኝ ጤዛ፣ እኔ ዓሣ ነኝ እንዴ?» አላት። በመጨረሻ ግን ማልቀስ ስትጀምር ተሸነፈ። ልጁ ስታለቅስ ሁልጊዜ ነው የሚሸነፈው፤ እሷም ታውቃለች።

ወይዘሮ ሶልያና ማለዳ በአውቶቡስ ሄዱ፣ ሰሌዳው አንድ ቀነሰ። ከሰዓት በኋላ ናሆም ገባ፣ ሰሌዳው ወደ ቦታው ተመለሰ። ስስ ሸሚዝና ሽርጥ ለብሶ፣ በሰንደል ጫማ ነበር። የወይዘሮ ሶልያና ግቢ እንደደረሰ ሻንጣውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ጤዛ ጃንጥላ ይዛ ልትጠጋው ስትል በእጁ ከለከላት።

«ይሄን ሁሉ ማንም አይከለክልም?» አለ።

«ማንም አይከለክልም አባ።»

«እናትሽ ይህን ሳታይ ሞተች።»

እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እዚያው ቆመ። ጤዛም ጃንጥላውን አጥፋ አጠገቡ ቆመች።

ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠ። «መቼ ነው የሚያባራው?» ይላል።

«አያባራም አባ።»

«ማታስ?»

«ማታማ ይብሳል።»

ትንፋሹ በሳምንቱ ተስተካከለ። ከዓመታት ጀምሮ አብጦ የኖረው እግሩ ቀነሰ፤ ወደ ገበያ የሚያወጣውን አቀበት ሳያርፍ ወጣው። ሐኪሟ ደረቱን ካዳመጠች በኋላ ለጤዛ በእጇ «ተአምር» የሚለውን ምልክት አሳየቻት። ናሆም ምልክቱን አይቶ፣

«ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው የምታሾፍብኝ?» ብሎ ተቆጣ።

የእጅ ወሬውን እስኪለምድ ድረስ ከተማው በሙሉ የሚያሾፍበት ይመስለው ነበር። ከለመደው በኋላ ደግሞ ሰዉ እሱን መልመድ አቃተው። ክንዱን ዘርግቶ፣ ከወንበር ተነስቶ ነው የሚያወራው፤ «ሰውየው በእጁም ይጮኻል» ተባለ። አንቱታ የሚባል ነገርም አያውቅም። ድሬ ላይ ልጅ አባቱን አንተ ብሎ ነው የሚያድገው። የልዋጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ባምላክ ሚስታቸው እንኳ አንቱ የሚሏቸው ሰው ናቸው። ማድረቂያ ቤት ኮታቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ናሆም አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላቸውና፣

«አለቃው አንተ ነህ? ና ቁጭ በል፣ ጉልበትህ ሥር ውሃ እየወረደ ነው» አላቸው።

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ዞረ። አቶ ባምላክ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ኮታቸውን ራሳቸው ነው የሚወስዱት፤ ሰው መላክ ተዉ።

ይህን ሁሉ የሚያይ ናሆም ተመቸው ይላል። ጤዛም ብላ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት ስትገባ በወይዘሮ ሶልያና ቤት መስኮት ሥር ተቀምጦ አገኘችው። የዶሚኖ ጠጠሮቹን ለአራት ሰው አከፋፍሏል። የራሱን ይጥላል፣ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ወንበር ይሄዳል፣ ይጥላል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ሲደርስ «አቡበከር፣ ሰረቅክ» አለ፣ ለባዶው ወንበር።

ጤዛ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባ፣ ምን ጎደለህ?» አለችው። «እግርህ አላበጠም፣ ትንፋሽህ አልተቆረጠም፣ ታጥበህ የምትጠግበው ውሃ አለ።»

«ምንም አልጎደለኝም።»

«ታዲያ?»

ናሆም አንዱን ጠጠር በጣቱ አገላበጠ። «ድሬ ላይ አመሻሽ ላይ በረንዳዬ ላይ ካልወጣሁ ሦስት ሰው በሬን ያንኳኳል። "ናሆም፣ ሞትክ እንዴ?" ይላል። እዚህ ሲመሽ ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋል። እዚህ ብሞት ቀድሞ የሚያውቀው ሰሌዳው ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አለሽ። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ካልሲ ስታደርቂ ትውያለሽ፣ ማታ ደክሞሽ ትተኛለሽ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺንስ እዚህ ማን ያንኳኳል?»

ጤዛ የድስቱን ክዳን አነሳች፣ መልሳ ከደነች። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አሰበች። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ሁሉም ዝናቡን ሸሽተው ቤታቸው ናቸው።

«አትጨነቂ፣ እሺ እላለሁ» አለ ናሆም። «እምቢ ካልኩ ሴትዮዋ ወደዚህ ሻጋታ ትመለሳለች። ግድግዳውን ሳየው እኔ ራሴ ያስለኛል። በሰው ሳንባ አልቀልድም።»

በማግስቱ የዶሚኖ ሣጥኑን ይዞ ማድረቂያ ቤት መጣ። መጀመሪያ ልብስ ጠባቂዎች ናቸው የተጫወቱት፤ ከዚያ ልብስ የሌላቸውም ጃንጥላቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ጤዛ መዝጊያ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አራዘመች። ናሆም እየጮኸ ይጫወታል፣ ይሳሳታል፣ ይሳደባል፤ ሰዉም ይስቃል። ሲዘጋ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሱም ወደ ባዶው ቤትና ወደ ቆርቆሮው ጩኸት ይገባል።

ወይዘሮ ሶልያና በየሁለት ሦስት ቀኑ ለጤዛ ይደውላሉ፤ የሚደውል ሰው ምስሉ የቤት ግድግዳ ላይ ይመጣል። ግድግዳው ስለሻገተ ፊታቸው አረንጓዴ ነጠብጣብ ኖሮት ነው የሚታየው። ፀሐይ አጥቁራቸዋለች። ሳላቸው ጠፍቷል፣ ከዘራቸውን ጥለዋል። «ጉልበቴ ተፈታ ልጄ፣ የቀረኝ ፈረስ ነው» ይላሉ። የናሆም ጓደኞች ዶሚኖ አስተምረዋቸዋል፤ ሰላምታውንም ለምደዋል። ድሬ ላይ ሲለያዩ «ጥላ ይስጥህ» ነው የሚባለው። ጤዛ እየተደሰተች ታዳምጣለች፤ አንድ ነገር ብቻ አይታለች። ወይዘሮ ሶልያና በመጡ ቁጥር እርጥብ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ነው።

ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ናሆም ያለበት ቤት ግድግዳ ላይ አቡበከር ራሱ መጣ። የናሆም የልብ ጓደኛ ነው፤ ፊቱ ግድግዳውን ሞልቶ በሹክሹክታ ተናገረ።

«ናሆም፣ ሴትዮዋ ትናንት ገበያ ላይ ወደቀች።»

ናሆም ከወንበሩ ተነሳ። «ምን ሆና?»

«ሙቀቱ ነው። ወላሂ ውሃ አፍስሰን ነው ያነቃናት። ለልጅቷ እንዳትነግሩ ብላለች። እምቢ ካልኩ አባቷ ወደዚህ ይመለሳል፣ ልቡ ደግሞ አይችልም ትላለች። እሺ ልትል ነው።»

«ለምን ነገርከኝ ታዲያ?»

«ለልጅቷ ነው አትንገሩ ያለችው፤ ላንተ አላለችም።»

ጤዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ናሆም ዞሮ አያት፤ ከዚያ ራሱ ደውሎ ድሬ ያለውን የገዛ ቤቱን ግድግዳ ጠራ። ከወይዘሮ ሶልያና ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር የመጀመሪያው ነበር። እስከዚያ ቀን አንዱ የሌላውን ትራስ እንጂ ድምፁን አያውቅም።

«ሶልያና ነሽ?»

«ነኝ። እርስዎ አቶ ናሆም ነዎት?»

«እርስዎን ተዪልኝ። አልጋሽ ላይ እየተኛሁ አንቱ አልባልም።»

ወይዘሮ ሶልያና ክው አሉ። ቀጥሎ ሳቁ፤ ሲስቁ ጤዛ ሳሉን ጠበቀች፣ አልመጣም።

«ወደቅሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«አቡበከር። እሱ ሚስጥር ሲነገረው ድምፁን ይቀንሳል እንጂ መናገሩን አይተውም።»

«ትንሽ አዞረኝ እንጂ ደህና ነኝ። እር... አንተስ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። ከደህንነቴ የተነሳ ልሞት ነው።»

ወይዘሮ ሶልያና ፎጣውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ፀጉራቸው ነጭና እርጥብ ነው። «እኔ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «ጸጥታው ያስፈራኛል። ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ፣ ምንም አይልም። ሕዝቡን ግን ወድጄዋለሁ። ትናንት ስወድቅ ስንት ሰው እንዳነሳኝ ብታይ። እዚያ ጭቃ ላይ ብወድቅ ብቻዬን ነው የምነሳው።»

«ያንቺ ጣሪያ ደግሞ ዝም የሚልበት ጊዜ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰድበኝ ያድራል።»

«አይሳደብም። አልሰማኸውም እንጂ ዜማ አለው። አልጋውን ወደ በሩ በኩል አዙረው፣ እዚያ ጋ ይለሰልሳል።»

«አንቺ ደግሞ አልጋውን በረንዳ ላይ አውጪው። ማን ውስጥ ተኚ አለሽ? ድሬ ላይ ውስጥ የሚተኛው ሌባ የሚፈራ ብቻ ነው።»

ስለ መስኮቱ መዝጊያ ተነጋገሩ፣ ስለ ቡናው ጀበና እጀታ ተነጋገሩ። ናሆም አልጋው ሥር ያገኘው ኮርቻ የማን እንደሆነ ጠየቀ፤ የራሳቸው መሆኑን ሲሰማ ጎትቶ አወጣውና «እንዲህ ዓይነት ሴት ነሽ?» አለ። ጤዛ ድስት ማጠብ ያለባት አስመስላ ወጣች። ስትመለስ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«እሺ ልትይ ነው?» ይላል ናሆም።

«አንተ ካልክ።»

«እኔም አንቺ ካልሽ ነበር።»

«እንግዲያው ሁለታችንም የማንፈልገውን በራሳችን ላይ ለዘለዓለም ልንፈርድ ነው» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

ናሆም አገጩን አሸ። «እሺም እምቢም ባንል ምን ይሉናል?»

ጥያቄው የቀረበው በኮሚቴው አዳራሽ፣ ጠዋት ነው። አቶ ባምላክ ኮታቸውን ለብሰው መሐል ተቀመጡ፣ ወይዘሮ ሶልያና ግድግዳው ላይ ሆኑ። ዝናቡ ለጊዜው ረገብ ብሏል።

«አቶ ናሆም፣ ጉም ሜዳን ለቋሚ መኖሪያ መርጠዋል? እሺ ወይስ እምቢ?»

«አላወቅሁም» አለ ናሆም።

አቶ ባምላክ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተመለከቱ። «እንዲህ የሚባል መልስ የለም።»

«እኔ ግን አለኝ። ያላወቀ ሰው ምን ይደረጋል? አንተ ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«ወይዘሮ ሶልያና፣ እርስዎስ?»

«እኔም አላወቅሁም» አሉ ወይዘሮ ሶልያና ከግድግዳው። «ሙቀቱን አላወቅሁትም። አንድ ወር ለአንድ አገር ምን አላት?»

ኮሚቴው ተንሾካሾከ። አቶ ባምላክ ተነስተው ወጡ፣ ተመለሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱም ወገን ውሳኔ ላይ ካልደረሰ፣ አሉ፣ ወደየቤታቸው ተመልሰው አንድ ወር ይቆያሉ፤ ከዚያ ሙከራው እንደገና ይጀመራል። እስከ ዛሬ ማንም ይህን ጠይቆ አያውቅም። እዚህ አዳራሽ የሚገባ ሰው ሁሉ ለእሺ ነው የሚመጣው።

«ስንት ጊዜ ነው የሚደገመው?» አለ ናሆም።

አቶ ባምላክ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ዝናቡ ወረደ፣ ቆርቆሮው አደነቆረ። ስለዚህ በእጃቸው መለሱ፦ ደንቡ አይልም። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ አንድ ቀን ግን ይላል፤ እስከዚያው ተጠቀሙበት። አቶ ባምላክ ጤዛ ሲስቁ አይታቸው የማታውቅ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለትም አልሳቁም። ናሆምን ግን አንተ ብለው ነው በጣታቸው የተሰናበቱት።

መለዋወጫው ቀን ጤዛ አባቷን እስከ አዲስ አበባ ሸኘችው። የምዕራቡና የምሥራቁ አውቶቡስ የሚገናኙት እዚያ መናኸሪያ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆማሉ። ቁልፍ እንዲለዋወጡ፣ እሷም ወይዘሮ ሶልያናን ይዛ እንድትመለስ ነበር የታሰበው። መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም። አባቷን ወደ ሙቀቱ እየሰደደችው ነው፤ ከወር በኋላ እግሩ አብጦ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀንሳል፣ እንደገና ያብጣል። ሐኪሟ «ካለመምጣት ይሻላል» ብላታለች። የሐኪም ቃል ሆኖ የሚያጽናናው ይህን ያህል ነው።

«አኩርፈሽኛል?» አላት ናሆም መስኮቱ ላይ ተደግፎ።

«አላኮረፍኩም። ፈራሁ እንጂ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለ። «ድሬም ሆኜ፣ እዚያም ሆኜ። በረንዳዬ ላይ ስሆን ግን ከሰው ጋር ነው የምፈራው።»

መናኸሪያው ሰፊ፣ አቧራማና ደመናውም ፀሐዩም ያልበረታበት ነበር። ወይዘሮ ሶልያና ቀድመው ደርሰው ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ቆመው አገኟቸው። ከዘራ አልያዙም። ናሆም ሲያያቸው እርምጃውን ቀነሰ፤ ሸሚዙን አስተካከለ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለባትን ሴት ነበር የሚያውቀው፤ ይቺ የጠቆረች፣ ቀጥ ያለች፣ ዓይኗ የሚስቅ ነበረች። ወይዘሮ ሶልያናም አጭር ሰው ጠብቀው ኖሮ ቀና አሉ።

«እርጥብ ነህ» አሉት።

«አንቺ ደግሞ ትሞቂያለሽ» አለ፣ እጃቸውን ይዞ።

ቁልፋቸውን ተለዋወጡ። ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ናሆም አልጋውን ወደ በሩ ማዞሩን፣ ዜማውን መስማቱን ነገራቸው። ወይዘሮ ሶልያና በረንዳ ላይ ተኝተው ከዋክብት ማየታቸውን ነገሩት፤ ጉም ሜዳ ላይ ተወልደው አርጅተው ከዋክብት እንዲህ ብዙ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ሳያዩት ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሌላ መጣ። እሱም ቀዘቀዘ።

የድሬ አውቶቡስ ጥሪ ተሰማ። ጤዛ ሻንጣውን አነሳች። ናሆም ስለ አንዲት ፈረስ እየሰማ ስለነበር ዞር አላለም። ሁለተኛው ጥሪ ተሰማ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ፣ አቧራ አስነሳ፣ ወጣ። ጤዛ «አባ» ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ የጉም ሜዳው ተጠራ።

ወይዘሮ ሶልያና አንድ ጊዜ ቀና ብለው አውቶቡሱን አዩት። ከዚያ ወደ ናሆም ዞሩ። «ታዲያ ያቺ ፈረስ» አሉ፣ «ወንዙ ጋ ስንደርስ ምን ያደረገች ይመስልሃል?»

የጉም ሜዳውም አውቶቡስ ሄደ። በዚያች ሰዓት፣ ሸኚዋን ጤዛን ሳይቆጥር፣ ጉም ሜዳ አንድ ሰው ጎድሏታል፣ ድሬም አንድ ሰው ጎድሏታል፤ የጉም ሜዳ ሰሌዳም ያን እያሳየ ይሆናል። ቀጣዩ አውቶቡስ ነገ ነው። ጤዛ ሁለቱን ሻንጣዎች ግድግዳው ሥር አስጠግታ አስቀመጠች፣ ባለሻዩን በዓይኗ ጠራች፣ ወንበር ስባም መሐላቸው ተቀመጠች።

«ምን አደረገች?» አለች።